የኩኒታቺ ቀይ ጣራ

ከቶኪዮ መሐል ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በሚዘልቀው የቹኦ የባቡር መስመር ላይ፣ ከሺንጁኩ ጣቢያ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኩኒታቺ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የቆዳ ስፋቷ 8.15 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን በዚያ ጠባብ መሬት ላይ 75 ሺህ ገደማ ሰው ይኖራል። በጣቢያዋ ደቡባዊ መውጫ፣ ከፍ ብሎ በተሠራው የኮንክሪት ሐዲድ ግርጌ፣ ነጭ ግድግዳና ቀይ ጣራ ያለው አነስተኛ የእንጨት ቤት ቆሟል። ጣራው ከፊት ሲታይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ክንፎቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ አጠር ብሎ ሲቀር ሌላው እየረዘመ ወደ ታች ይወርዳል። ከመግቢያው በላይ ግማሽ ክብ የሆነ መስኮት አለው። ይህ ቤት ከ1926 እስከ 2006 የኩኒታቺ ባቡር ጣቢያ ነበር። ከዚያ ከቦታው ተነሣ፤ በ2020 ደግሞ ተመልሶ ቆመ። ዛሬ ቲኬት አይቆረጥበትም፤ ከተማዋን ለማያውቅ እንግዳ መረጃ የሚሰጥበት፣ ሰው አረፍ የሚልበትና ትንንሽ ዐውደ ርእዮች የሚታዩበት ቤት ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ቤት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ውበቱ ብቻ አይደለም። ቤቱ ያማረ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ጃፓን ውስጥ በውበት የሚበልጡት ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ የመሬት ነጋዴ ገዢ ለመሳብ ብሎ ያቆመው ቤት፣ በሰማንያ ዓመት ውስጥ፣ ሕዝቡ የእኔ ብሎ ገንዘቡን የሚያዋጣለትና በምክር ቤት የሚሟገትለት ቤት መሆኑ ነው። እኔ በኩኒታቺ ለትምህርት በኖርኩበት ዘመን ቤቱ በቦታው አልነበረም፤ ፈርሶ እንጨቱ በመጋዘን ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በሰዎች አንደበት ነው። ሱቅ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሥዕሉን ያላየሁበት ቦታ ጥቂት ነው። የሌለ ቤት እንዲህ ሲታወስ አይቼ ስለማላውቅ ታሪኩን መፈለግ ጀመርኩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ጣቢያ ሳይኖር ከሐዲዱ ነው። ኮቡ የተባለ የግል የባቡር ኩባንያ ከሺንጁኩ እስከ ታቺካዋ ያለውን መስመር በ1889 ከፈተ። ካርታ ላይ ለሚያየው ሰው ይህ መስመር ያስገርማል፤ ከሂጋሺ ናካኖ እስከ ታቺካዋ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ አንድም ጊዜ ሳይታጠፍ በቀጥታ ይሄዳል። እንዲህ ሊሆን የቻለው ሐዲዱ የተዘረጋበት የሙሳሺኖ ሜዳ ያን ጊዜ ጫካና እርሻ ብቻ ስለነበረና በመንገዱ ላይ የሚያስቆም መንደር ስላልነበረ ነው። ኮቡ በ1906 ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወረ፤ ባቡሩም በኮኩቡንጂና በታቺካዋ መካከል ባለው ጫካ ውስጥ ሳይቆም ማለፉን ቀጠለ። ዛሬ የኩኒታቺ ጣቢያ ባለበት ቦታ ላይ ባቡር ለ37 ዓመታት ሲያልፍ ማንም አልወረደበትም።

ቦታው ግን ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም። መሬቱ የያሆ መንደር ገበሬዎች ነበር። የያሆ ሰዎች መኖሪያቸው ወደ ደቡብ፣ በጥንቱ የኮሹ አውራ ጎዳና ዳር፣ ያሆ ቴንማንጉ በተባለው እጅግ ጥንታዊ መቅደሳቸው አጠገብ ነበር፤ ሰሜኑን ጫካ ማገዶ ይለቅሙበትና ቅጠሉን ለማሳቸው ማዳበሪያ ይሰበስቡበት ነበር። ስለ ኩኒታቺ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች «ምንም ያልነበረበት ባዶ ቦታ» ብለው ሲጀምሩ አንብቤአለሁ። ይህ አገላለጽ አይዋጥልኝም። ማገዶና ማዳበሪያ የሚገኝበት ጫካ ለገበሬ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ባዶ የሚመስለው ከባቡር መስኮት ለሚያየው ነው።

ከባቡር መስኮት ካዩት አንዱ ጹጹሚ ያሱጂሮ ነው። ይህ ሰው ኋላ የሴይቡን ግዙፍ የንግድ ቤት ያደራጀ፣ በ1953ም የጃፓን የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆነ ነው፤ በዚያን ዘመን ግን ሐኮኔ ቶቺ የተባለውን የመሬት ኩባንያ ይመራ ነበር። ከከተማ ወጣ ባለ ስፍራ መሬትን በርካሽ ገዝቶ፣ መንገድ አውጥቶ፣ ሸንሽኖ መሸጥ በጃፓን አዲስ አልነበረም። በኦሳካ አቅራቢያ ኮባያሺ ኢቺዞ ከ1910 ጀምሮ በባቡር መስመሩ ዳር ቤት እየሠራ በረጅም ጊዜ ክፍያ በመሸጥ መንገዱን አሳይቶ ነበር፤ ከቶኪዮ በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የዴንኤንቾፉ ጣቢያና ሰፈር በ1923 ተከፍቷል። ጹጹሚ ራሱም በሜጂሮ አንድ ሰፈር መሥርቶ ሸጧል። ለኩኒታቺ ያሰበው ግን ከዚህ ሁሉ የሰፋ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲን ማዕከሏ ያደረገች ሙሉ ከተማ ፈለገ።

ዩኒቨርሲቲውን የሰጠው መቅሠፍት ነው። መስከረም 1 ቀን 1923 የደረሰው ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥና እርሱን ተከትሎ የተነሣው እሳት ቶኪዮንና ዮኮሐማን አወደመ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በመሐል ከተማ፣ ሂቶጹባሺ በተባለው ስፍራ፣ የነበረው የቶኪዮ የንግድ ዩኒቨርሲቲም ሕንፃዎቹን አጣ። ፕሬዚዳንቱ ሳኖ ዜንሳኩ ሰፋ ያለና ከጭንቅንቅ የራቀ ቦታ ይፈልጉ ነበር፤ ጹጹሚ ደግሞ ገዢን የሚያስተማምን ስም ያለው ተቋም ይፈልግ ነበር። በ1925 ተስማሙ። ኩባንያው የያሆን ጫካ ከገበሬዎቹ ገዝቶ ለዩኒቨርሲቲው ሰፊ መሬት ለየ፤ ቀሪውን ለመኖሪያ ቤት ሸነሸነ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጣቢያ ያስፈልጋል። መስመሩ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ሰው በሌለበት ጫካ ውስጥ በራሱ ወጪ ጣቢያ የሚሠራበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ሐኮኔ ቶቺ ጣቢያውን በራሱ ገንዘብ ሠርቶ ለባቡር ሚኒስቴር በስጦታ አስረከበ። በጃፓን በነዋሪ ወይም በኩባንያ ልመናና ወጪ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። የኩኒታቺ ጣቢያ ሚያዝያ 1 ቀን 1926 ተከፈተ። ስሙ ከሁለቱ ጎረቤት ጣቢያዎች፣ ከኮኩቡንጂና ከታቺካዋ፣ የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። የቤቱን ንድፍ ያወጣው፣ አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በቶኪዮ ባሠራው የኢምፔሪያል ሆቴል ግንባታ ላይ ተሳትፎ የነበረው ኮኖ የተባለ አርክቴክት እንደሆነ ይነገራል።

የቤቱን መልክ ለመረዳት ከፊቱ የወጣውን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ከጣቢያው በር ሦስት ጎዳናዎች ይነሣሉ። መካከለኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ጎዳና የሚባለው ዳይጋኩ ዶሪ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ወርዱ 44 ሜትር ያህል ነው። በግራ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ አሳሂ ዶሪ፣ የጠዋት ፀሐይ የምትወጣበትን አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። በቀኝ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ፉጂሚ ዶሪ ይወጣል፤ ሰማዩ በጠራ ቀን በጎዳናው ጫፍ ላይ የፉጂ ተራራ ይታያል። የጣቢያው ቤት እነዚህ ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ስለተቀመጠ፣ ከየትኛውም መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ቀዩን ጣራ ከሩቅ ያየዋል። ከፊቱ ደግሞ ክብ ኩሬና አትክልት ያለበት አደባባይ ተሠራ። ከሺንጁኩ ጭስና ፍርስራሽ በባቡር ተሳፍሮ መሬት ሊያይ የመጣ ደመወዝተኛ፣ ከዚህ ቤት በር ላይ ቆሞ ያን ጎዳና ሲመለከት ምን እንዲሰማው እንደተፈለገ ግልጽ ነው። ቤቱ የተሠራው ለዚያ ቅጽበት ነው፤ ይህን በመናገር ክብሩን የምቀንስበት አይመስለኝም። አንድ ሰው ለትርፉ ብሎ ያማረ ነገር ቢሠራ፣ ያማረው ነገር ከትርፉ በኋላም ይቀራል።

ትርፉ እንኳ ቶሎ አልመጣም። የመሬቱ ሽያጭ ዘገምተኛ ነበር፤ የ1920ዎቹ መጨረሻ የኢኮኖሚ ቀውስም ተጨመረበት። ለዓመታት ያ 44 ሜትር ስፋት ያለው ጎዳና በዱር መካከል የተዘረጋ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚጨቀይ አፈር ነበር። የዩኒቨርሲቲው ክፍሎች ከ1927 ጀምረው በየተራ መጡ፤ በዚያው ዓመት አርክቴክት ኢቶ ቹታ የነደፈው የካኔማጹ አዳራሽ፣ በሮማንስክ ዘይቤ ተሠርቶ፣ በየዓምዱና በየግድግዳው ላይ እንግዳ የሆኑ የአውሬ ቅርጾች ተቀርጸውበት ተጠናቀቀ። በ1926 የተቋቋመ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ወደ ከተማዋ ገባ፤ ዛሬ ኩኒታቺ የሙዚቃ ኮሌጅ የሚባለው ነው። ከ1934 ጀምሮ ነዋሪዎች የልዑል አልጋ ወራሹን፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ የሆኑትን፣ ልደት ምክንያት አድርገው በዳይጋኩ ዶሪ ግራና ቀኝ የቼሪና የጊንኮ ዛፎች ተከሉ። እነዚያን ዛፎች የተከለው ኩባንያው አልነበረም። በእኔ እምነት ከተማዋ ከነጋዴው እጅ ወጥታ ወደ ነዋሪዎቿ መተላለፍ የጀመረችው በዚያ ተከላ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ጎላ። በጎረቤቷ ታቺካዋ የነበረው የአየር ማረፊያ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሆነ፤ በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲነሣ ወታደር በዛ፤ ለወታደር የሚሆን ማደሪያና የመዝናኛ ቤትም ወደ ኩኒታቺ መግባት ጀመረ። እናቶች፣ ተማሪዎችና መምህራን ተሰባስበው ከተማይቱ የትምህርት ቀጣና ተብላ በሕግ እንድትከለልና እንዲህ ያሉ ቤቶች እንዳይከፈቱባት ጠየቁ። ከገንዘቡ የሚጠቀሙ ነጋዴዎች ተቃወሙ፤ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች፤ በመጨረሻ በ1952 ክልሉ ጸደቀ። ከዚያ በፊት፣ በ1951፣ ያሆ መንደር የከተማነት ማዕረግ ሲያገኝ ስሙን ቀይሮ ኩኒታቺ ተብሎ ነበር። ሁለት የጎረቤት ጣቢያዎችን ፊደል በማገጣጠም ለአንድ ባቡር ጣቢያ የወጣው ስም፣ በ25 ዓመት ውስጥ የጥንቱን መንደር ስም ተክቶ የሁሉም መጠሪያ ሆነ። ያሆ የሚለው ስም የቀረው ለመቅደሱ፣ ለአንዱ ሰፈርና በደቡብ በኩል በ1929 ለተከፈተው ሌላ ትንሽ ጣቢያ ነው። በመቅደሱ አካባቢ ያነጋገርኳቸው አረጋውያን ዛሬም ራሳቸውን የያሆ ሰው ነን ይላሉ፤ ትክክል ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ከጣቢያው በስተ ሰሜን ጥቂት እንደተሄደ መሬቱ የኮኩቡንጂ ከተማ ይሆናል፤ እዚያ የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም አለ። ተቋሙ ወደዚህ ስፍራ የመጣው በ1959 ሲሆን፣ በ1964 በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ሥራ ለጀመረው ሺንካንሰን ለተባለው ፈጣን ባቡር የተደረገው ምርምር ብዙው የተካሄደው በዚሁ ነው። ሰፈሩም በፈጣኑ ባቡር መጠሪያ ሂካሪ ቾ ተባለ። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጠውን ባቡር ያሰቡት መሐንዲሶች፣ ለሥራ ሲመጡ የሚወርዱት በዚህ በእንጨት ቤት ጣቢያ ነበር ማለት ነው። ስለ ጃፓን የባቡር ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ፈጣኑ ነው፤ ፈጣኑን የሠሩት ሰዎች ግን በየቀኑ የሚሳፈሩት በየጣቢያው የሚቆመውን ነበር።

ወደ ቤቱ መፍረስ ልምጣ። ቀጥ ባለውና በመሬት ላይ በተዘረጋው የቹኦ መስመር ላይ ባቡሩ እየበዛ ሲሄድ፣ ሐዲዱን የሚያቋርጡ መንገዶች መከራ ሆኑ። በጠዋትና በማታ የሥራ ሰዓት አንዱ ባቡር ሳያልፍ ሌላው ስለሚደርስ፣ የመንገዱ መዝጊያ ግንድ አንዴ ከወረደ የሚነሣበት ጊዜ አጭር ነበር፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ሳይቀር ይቆማል። ስለዚህ ከሚታካ እስከ ታቺካዋ ያለው 13 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ከመሬት ተነሥቶ በከፍታ እንዲሄድ ተወሰነ፤ በ2010 ሥራው ሲያልቅ 18 ማቋረጫዎች ጠፉ። ይህ አስፈላጊ ሥራ ነበር። ስለ አሮጌ ቤት የሚቆረቆር ሰው አዲሱን ነገር ሁሉ እንደ ጠላት የሚያይበት ጊዜ አለ፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲህ ማሰብ አልችልም። ከሐዲዱ ማዶና ማዶ ያለው ሰው ሳይፈራና ሳይዘገይ እንዲገናኝ ሆኗል። የተገኘው ይህን ያህል ሲሆን፣ የሚከፈለው ዋጋ የጣቢያው ቤት ሆነ፤ ሐዲዱ በሚነሣበት የግንባታ ቦታ ላይ ቆሞ ነበርና።

ቤቱን ሳያፈርሱ ወደ ጎን አንሸራትቶ የማቆየት ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በገንዘብ ጉዳይ በምክር ቤቱ ብዙ ካከራከረ በኋላ ሳይሳካ ቀረ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው መንገድ ተሄደ፦ ቤቱን ክፍል በክፍል ፈትቶ፣ በየእንጨቱ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ማስቀመጥ። የግንባታ ሕጉ ግን ሌላ እንቅፋት ነበር። ጣቢያው ያለበት መሐል ከተማ ለእሳት አደጋ ጥበቃ ተብሎ የተከለለ በመሆኑ፣ አንዴ የፈረሰ የእንጨት ቤት እዚያው እንደገና ልሥራ ቢባል አይፈቀድም። ከዚህ ሕግ ነጻ የሚሆነው ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ሕንፃ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት፣ በ2006፣ በከተማ ደረጃ የተጠበቀ ቅርስ አድርጋ መዘገበችው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የጣቢያነት አገልግሎቱ አበቃ፤ ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ ተለይቶ ወደ መጋዘን ገባ። ያ ምዝገባ ባይደረግ ኖሮ ዛሬ ቤቱን የምናየው በፎቶግራፍ ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ዕድል ያዳነው የተመዘገበበት ቀን ቅደም ተከተል መሆኑን ሳስብ፣ ያን ጉዳይ በጊዜው ለጨረሱት የከተማው ሠራተኞች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

እኔ የደረስኩት ከዚህ በኋላ ነው። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የሆኑት እናት ስለ ጣቢያው ሲያወሩ ግንባታውን አያነሡም፤ የሚያነሡት ማን ማንን የት ቆሞ ይጠብቅ እንደነበር ነው። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘው ባለቤታቸውን የሚጠብቁት ከቀዩ ጣራ ሥር፣ ከመግቢያው በስተ ቀኝ ነበር። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲሄድ የሸኙትም እዚያው ነው። ሌሎች ሰዎችም ብጠይቅ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ስለ ኮኖ ወይም ስለ ጹጹሚ የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔም እዚያው ትንሽ ቆይቼ የገባኝ፣ ሰዎቹ እንዲመለስላቸው የጠየቁት የሕንፃ ጥበብ ናሙና አለመሆኑን ነው። የጠየቁት የቆሙበትን ቦታ ነው። አዲሱ ጣቢያ ሰፊ ነው፤ አሳንሰር አለው፤ ለአረጋዊና ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል፤ ሆኖም ሰው እንዲጠባበቅ ሳይሆን እንዲያልፍ የተሠራ ነው።

ቤቱ በፈረሰበት በዚያው በ2006፣ በመጋቢት 30 ቀን፣ የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ዳይጋኩ ዶሪ አንድ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በጎዳናው ደቡባዊ ጫፍ አቅራቢያ 14 ፎቅ፣ 44 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የመኖሪያ ሕንፃ ተሠራ። ዛፎቹ 20 ሜትር ያህል ናቸው፤ የአካባቢው ቤቶችም ከዛፎቹ እንዳይበልጡ ነዋሪው ለዓመታት ራሱን ገድቦ ኖሯል። ነዋሪዎች ከሰሱ። በ2002 የቶኪዮ ወረዳ ፍርድ ቤት ከ20 ሜትር በላይ ያለው የሕንፃው ክፍል እንዲፈርስ ፈረደ፤ በአገሩ ተሰምቶ የማያውቅ ፍርድ ነበር። በ2004 የይግባኙ ፍርድ ቤት ሻረው፤ በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሻሩን አጸና። ነዋሪዎቹ ተሸነፉ፤ ሕንፃው አሁንም አለ። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ በዚያው ውሳኔ፣ ያማረ የከተማ ገጽታ ባለበት አካባቢ የሚኖር ሰው በዚያ ገጽታ ላይ በሕግ ሊጠበቅ የሚገባው ጥቅም አለው ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀበለ። ይህ አንቀጽ ከዚያ በኋላ በጃፓን የከተማ ገጽታ ክርክር ሁሉ የሚጠቀስ ሆኗል። ጣቢያውን ለማዳን የተሟገቱትና ስለ ዛፎቹ ፍርድ ቤት የሄዱት የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ጉዳዮችም የሚያርፉት ከጣቢያው በር በሚጀምረው በአንዱ መስመር ላይ ነው።

እንጨቱ ከአሥር ዓመት በላይ በመጋዘን ቆየ። ከተማዋ ቤቱ የሚቆምበትን መሬት ከባቡር ኩባንያው መግዛት ነበረባት፤ ከበጀቷም ሌላ የነዋሪና የወዳጅ መዋጮ አሰባሰበች። ሲገነባ በየጊዜው የተጨመረበት ሁሉ ቀርቶ በ1926 የነበረው መልክ ተመረጠ፤ ከተቀመጠው እንጨት አብዛኛው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የተበላሸው በአዲስ ተተካ። ሚያዝያ 2020 ቤቱ ተከፈተ። በዚያው ወር በቶኪዮ በወረርሽኙ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ስለታወጀ፣ ይህን ያህል ሲጠበቅ የኖረው ቤት የተመለሰው ሰው ከቤት እንዳይወጣ በሚመከርበት ሰሞን ሆነ። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ፣ በቶኪዮ ካሉት የእንጨት ጣቢያዎች ከኩኒታቺ በዕድሜ የሚቀድመው የሐራጁኩ ጣቢያ፣ በ1924 የተሠራው፣ በዚያው ዓመት ክረምት መፍረስ ጀመረ። የዴንኤንቾፉ አሮጌ ጣቢያም በ1990 ፈርሶ በ2000 በቀድሞ መልኩ ተሠርቷል። ሦስቱም መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ ለእኔ የኩኒታቺው የሚበልጥብኝ መልኩን ስለመለሰ አይደለም፤ ሰዎቹ የተደገፉበትን ያንኑ እንጨት ስለመለሰ ነው።

ኋላ ወደ ከተማዋ ተመልሼ ገባሁበት። ውስጡ ከጠበቅሁት ያነሰ ነው፤ ጣራው ግን ከፍ ያለ ስለሆነ አያፍንም። አንዳንዶች ባቡር የማይሳፈሩበት ጣቢያ ቅርፊት ብቻ ነው ይላሉ፤ ተገቢ ትችት ነው፣ ቀለል አድርጌ አላየውም። ቢቻል ኖሮ ቲኬት የሚቆረጥበት በር እዚያው ቢሆን እመርጥ ነበር። ግን በአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡትን ስመለከት፣ ሰዓታቸውን እያዩ ሰው የሚጠብቁ ነበሩ። ከጣቢያ ሥራዎች መካከል በማሽን ያልተተካው ይኼ ነው፤ ቤቱም እርሱን እየሠራ ነው።

በ2024 ደግሞ ኩኒታቺ ስሟ እንደገና በመላው ጃፓን ተነሣ። በፉጂሚ ዶሪ ዳር፣ ከጃፓን ታላላቅ የቤት ግንባታ ኩባንያዎች አንዱ፣ 18 ቤተሰብ የሚይዝ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ሠርቶ ለገዢዎች ሊያስረክብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከጎዳናው የሚታየውን የፉጂ ተራራ ሕንፃው እንደሚጋርድ ጠቅሶ ለማፍረስ ወሰነ። ሕንፃው ሕግ አልጣሰም ነበር፤ ያስገደደው ፍርድ ቤትም አልነበረም። ነዋሪዎች ግን ዕቅዱ ገና በወረቀት ሳለ ጀምረው በየስብሰባው ተቃውመውት ነበር። ውሳኔውን ያደነቁ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ልደሰትበት አልቻልኩም። የገዙት ሰዎች ዕቅዳቸው ፈረሰ፤ የሠራተኛው ድካምና ያ ሁሉ ኮንክሪት ከንቱ ሆነ፤ ይህ ሁሉ ነዋሪው መጀመሪያ ሲናገር በተሰማ ኖሮ በወረቀት ላይ በሚያልቅ ነበር። ፉጂሚ ዶሪ ከጣቢያው በር ተነሥቶ ወደ ተራራው እንዲያመለክት የተሰመረው በ1920ዎቹ፣ መሬት ለመሸጥ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያንኑ መስመር የጠበቁት፣ ያን መሬት ከገዙት ሰዎች ወዲህ እየተተካኩ የኖሩት ነዋሪዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ላይም ተመልሰው እንደሚሰበሰቡ አልጠራጠርም።